የማሙሽ ሞተርና የደም ግፊት መለኪያዬ

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ላውጋችሁ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ሕፃናት አመጋገብ አይደለም፤ ስለ ሞተር ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነችው?» እንደምትሉ ይገባኛል። ምራቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን የልጅ ወገብ፣ የልጅ እጅና የልጅ ጭንቅላት ያለበት ስለሆነ ከቀድሞ ሥራዬ ብዙም የራቀ አይደለም። ኪስም ይነካል፤ ኪስ የሚነካ ነገር ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ልጄ የሚሠራው ሻርጃ ነው። ከሄደ ሦስት ዓመት አለፈው፤ እስካሁን አንዴም አልመጣም። ለገና ዕቃ በኮንቴይነር ከሚያስመጡ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ለልጁ አንዲት ትንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተር ላከለት። እዚያ በዕረፍት ቀን ልጆች በረሃው አሸዋ ላይ ሲነዱ ያያል። «የእኔ ልጅ ከማን ያንሳል» ብሎ ያገለገለች ገዛለት። 50 ሲሲ ናት። ቀይ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል እንጂ ሞተሯ ደህና ነው።

የልጅ ልጄን እዚህ ማሙሽ ብዬ ልጥራው። ስምንት ዓመቱ ነው፤ 25 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሯ 75 ኪሎ ናት። ሦስት እጥፉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቤታችን ቢሾፍቱ ነው። ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ያልተሠራበት ባዶ ሜዳ አለ። ማሙሽ በመጀመሪያው ሳምንት ደስታውን አልቻለውም። ሃያ ደቂቃ ነድቶ ሲወርድ ግን እጁን እያሻሸ ይመጣል። ማታ ማታ «እማማ፣ ወገቤን» ማለት ጀመረ። አገላብጬ አየሁት። ትኩሳት የለውም፣ ሽንቱ ንጹሕ ነው፣ አጥንቱን ስነካው አያመውም። የመናጥ ሕመም ነው። በማግሥቱ ወንበር አውጥቼ ሜዳው ዳር ተቀመጥኩና ሲነዳ ተመለከትኩት። ሞተሯ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ እንደ ፍየል ግልገል ትዘላለች። ልጁ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ተመልሶ ዱብ ይላል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አውራ ጣቱ ነው። የዚህች ሞተር ነዳጅ መስጫ በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ ምላስ ነው። ልጁ በተናጠ ቁጥር ጣቱ ሳያስበው ይጫነዋል። ፍጥነት መቀነስ ባለበት ጉድጓዳ ቦታ ላይ ይበልጥ ይፈጥናል ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ምራቴ «ትሸጥ» አለች። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ አሞርዛተሮቿ መጥፎ ስለሆኑ ነው፤ እኔ ከዚህ ባለ ጋዝ ጥሩ ጥሩውን ገዝቼ እልካለሁ» አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ ለማሙሽ የመንፈቅ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበቃ ገንዘብ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ «እስቲ አንድ ወር ስጡኝ» አልኩ።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ካልተናገርኩ ኅሊናዬ ዕረፍት አያገኝም። እንዲህ ያሉ ሞተሮች በብዛት ከሚነዱባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። የዚያው አገር የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለ አራት ጎማ ሞተር መንዳት የለበትም ይላል። የአምራቾቹ መመዘኛ በበኩሉ ሞተሮቹን በዕድሜ ይመድባል። ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚሠራው ከ24 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይሄድ፣ በመገደቢያ ደግሞ ወደ 16 እንዲወርድ ተብሎ ነው። እንግዲህ አምራቹ «ይህን ያህል ይቻላል» ይላል፣ ሐኪሙ «ጭራሽ አይሁን» ይላል። እኔ በሙያዬ ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ። ነገር ግን ሦስት ዓመት አባቱን ያላየ ልጅ አባቱ የላከለትን አቅፎ ሊተኛ ምንም ያልቀረው ሲሆን፣ አያት ብድግ ብላ «ሽጡት» ማለት አልሆነላትም። ቢያንስ ሞተሯ ለልጁ ልክ ትሁን፣ ካልሆነች ትሸጣለች ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

በሰፈራችን ባጃጅ የሚጠግን ወጣት አለ። ሕፃን ሳለ የከተብኩት እኔ ነኝ፤ እስከዛሬ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣልኝ። መቀመጫዋን በመዳፉ ተጭኖ አየ፤ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ጎማውን በጡጫው መታ አደረገና ሳቀ።

«ሲስተር፣ ይሄ ጎማ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ማነው የነፋው?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዕቃው እንደመጣ ጎማዎቹ ተንፍሰው ስለነበር በጋሪ አስጭኜ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኳትና «ሙላልኝ» አልኩት። እሱም እንደ ባጃጅ ጎማ ነፋው፤ 30 ፒኤስአይ ገደማ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይም ትልቅ ቁጥር ተጽፎ ስላየ ትክክል መሰለው። መካኒኩ እንዳስረዳኝ፣ በእንዲህ ዓይነት ጎማ ጎን ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲገጠም ሊታለፍ የማይገባው የግፊት ጣሪያ ነው። የሚነዳበት ልክ የሚገኘው በሞተሯ መመሪያ ወይም አካሏ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። የእኛዋ መመሪያ የሚለው 4 ፒኤስአይ ነው። እኛ ሰባት እጥፍ አድርገን ነፍተናታል!

የባለ አራት ጎማ ሞተር ጎማ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሞርዛተሩ በፊት ጠጠሩን የሚቀበለው እሱ ነው። ለስላሳው ጎማ ጠጠሩን ይውጠዋል፤ የተነፋው ግን ይነጥርበታል። እንግዲህ ልጄ በብዙ ገንዘብ ሊልከው የነበረው ባለ ጋዝ አሞርዛተር በድንጋይ ጎማ ላይ ሊገጠም ነበር ማለት ነው።

አሁን ችግሩ መለካት ሆነ። የመኪና ጎማ መለኪያ 4 ፒኤስአይን በትክክል አያነብም፤ ቀስቱ ገና ሳይነሣ ያልፋል። ዝቅተኛ ግፊት የሚለካ ልዩ መለኪያ እንዳለ መካኒኩ ነገረኝ፤ በእጁ ግን አልነበረም። ዝም ብዬ ሳስብ ቆየሁና ወደ ቤት ገባሁ። ከሥራ ዘመኔ የቀረ፣ የክንድ መጠቅለያው የተቀደደ የደም ግፊት መለኪያ አለኝ። የደም ግፊት መለኪያ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል። 1 ፒኤስአይ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ 300 ማለት 6 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። 4 ፒኤስአይ ደግሞ 207 ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

መካኒኩ ከአሮጌ የብስክሌት መንፊያ ጫፉን ቆርጦ ከመለኪያው ቱቦ ጋር አገናኘው። አስቀድመን ጎማውን በአውራ ጣት ተጭነን በደንብ እስኪገባ ድረስ አስተነፈስነው፤ 30 ፒኤስአይ ላይ ብንሰካው ኖሮ መለኪያው ይፈነዳ ነበር። ከዚያ ሰካነው። ቀስቱ 200 አልፎ ቆመ። ሰው ቢሆን ኖሮ «ቶሎ ሐኪም ቤት!» የምልበት ግፊት ነው፤ ለጎማዋ ግን ጤንነቷ ይኸው ነው። ማሙሽ በሳቅ ፈነዳ። (አደራ፣ ሰው የሚለካበትን መሣሪያ ለዚህ አታውሉ። የእኔው ከሰው አገልግሎት የተሰናበተ ነው፤ ተመልሶም አይገባም።)

ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን በጎማው ዙሪያ ጠምጥማችሁ ለኩት፤ ከሌላኛው ጎማ ዙሪያ ጋር ከተለያየ ሞተሯ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። በጣም ማስተንፈስም ጥሩ አይደለም። ጎማው ሲታጠፍ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል፤ ቸርኬውም በድንጋይ ይመታል።

የዚያን ቀን ምሽት ማሙሽ ሃያ ደቂቃ ነዳ። ወጪያችን ዜሮ ብር ነው። እጁን ማሻሸቱ በግማሽ ቀነሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለተኛውን ሥራ ጀመርን። የፊት ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር የሚያያይዙት የብረት ክንዶች በብሎን ዙሪያ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ አለባቸው። ብሎኖቹን ፈታን። በውስጣቸው ያለው የፕላስቲክ ቀለበት፣ መካኒኩ ቡሽ የሚለው፣ በአሸዋ ተሞልቶ ደርቋል። የሻርጃ አሸዋ ቢሾፍቱ ድረስ መጥቶ ነበር! በናፍጣ አጠብን፣ አደረቅን፣ ግራሶ ቀብተን መለስን። ስንመልስ ዳዶውን ከመጠን በላይ አላጠበቅነውም፤ ክንዱ በብሎን ታንቆ ከተያዘ ምን ዓይነት ሞላ ቢኖረው ዋጋ የለውም። ያላላነው ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ ልኩ ክንዱ በእጅ ሲነሣ በነፃነት የሚወጣና የሚወርድ፣ ወደ ጎን ግን የማይንገጫገጭ ነው። ወጪው የአንድ ጣሳ ግራሶ ዋጋ ነው፤ እሱም ተርፎ የግቢውን በር ማጠፊያ ቀባንበት።

ሦስተኛው ሥራ የክር ሥራ ነው። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ፣ በሞላው መሃል፣ ክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ ታችኛው ጫፍ አስጠጉትና ልጁ አሥር ደቂቃ ይንዳ። አሞርዛተሩ ሲታመቅ ክሩን ይገፋዋል፤ ሲመለስ ክሩ እዚያው ይቀራል። ምን ያህል እንደታመቀ ክሩ ይመሰክራል። ክሩ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሞላው ለልጁ ክብደት ጠንካራ ነው። እስከ መጨረሻው ከተገፋ ደግሞ ደካማ ነው፤ ብረት ከብረት እየተጋጨ ነው። ልጁ ሄልሜቱን አድርጎ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ሲቀመጥባት ብቻ አሞርዛተሩ ከጠቅላላ ጉዞው ሩብ እስከ ሲሶ ቢወርድ ደህና ነው።

የማሙሽ ሞተር የፊቶቹ ትንሽ ተንቀሳቅሰዋል፤ የኋላው ግን ጣት የማይሞላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞላውን የሠራው ፋብሪካ ማሙሽን አያውቀውም። ትልቅ ሰው ቢቀመጥበትም እንዳይሰበር ብሎ ነው የሠራው። የ25 ኪሎ ልጅ ለእሱ እንደ ወፍ ነው።

ከሞላው ጫፍ ላይ የምትዞር ቀለበት አለች። መካኒኩ ወደ መጨረሻው የላላ ቦታ መለሳት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀለበቷ ሞላውን አታለሰልሰውም፤ ከየት ቦታ ሥራ እንደሚጀምር ነው የምትወስነው። ለፊቶቹ በቃቸው፤ ክሩ ሩብ ላይ መጣ። የኋላው ግን ያው ግትር ነው።

አሁን ስለ ሠራሁት ስሕተት ልንገራችሁ።

መካኒኩ «ሲስተር፣ አዲስ አበባ ስሄድ ልኩን እፈልግልሻለሁ፤ ታገሺ» አለኝ። እኔ አልታገሥኩም። የሰጡኝ አንድ ወር እያለቀ ነበር፤ ልጄም በየቀኑ ይደውላል። ከመካኒኩ ግቢ ጥግ የተጣለ የሞተር ሳይክል የኋላ አሞርዛተር አየሁና «ይሄስ?» አልኩት። «ይረዝማል» አለኝ። «ለጊዜው ግጠምልኝ» ብዬ ተጫንኩት። ለእናቱ ያህል ስለሚያከብረኝ እምቢ አላለኝም።

የድሮው ከዓይን እስከ ዓይን፣ ማለትም ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ እስከ ሌላው፣ 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ያኛው 28 ነበር። ልዩነቱ አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል። አሞርዛተሩ የሚታሰረው ግን የኋላ ጎማዎቹን የያዘው ክንድ መሃል ላይ ስለሆነ፣ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ልዩነቱ ይበዛል። የሞተሯ ኋላ እንደ አህያ ዳሌ ወደ ላይ ተነሣ። ማሙሽ «ከፍ አለች! አማረባት!» ብሎ ጨፈረ። እኔም አማረችኝ።

ግቢው ውስጥ፣ ውኃ ሮቶው አጠገብ ስትታጠፍ የውስጥ በኩል ጎማዎቿ ተነሡ። ቀስ ብላ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ በጎኗ ተጋደመች። ማሙሽ መሬት ላይ ነው፤ መሪዋ ሆዱ ላይ። ልብሱ ላይ የሰካንለት የማጥፊያ ገመድ ስለተነቀለ ሞተሯ ወዲያው ጠፋች። እሷ ባትጠፋ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። 75 ኪሎ በ25 ኪሎ ላይ ማለት ይህ ነው።

ጉልበቱ ተላልጧል፤ የግራ እጁ አንጓ ተወልቧል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከጎድን አጥንቱ ሥር የቀረው ክብ የመሪ ምልክት ነው። በሥራ ዘመኔ ከብስክሌት ወድቀው፣ መሪው ሆዳቸውን ወግቷቸው የመጡ ልጆችን አይቻለሁ። ከውጭ ትንሽ ሰንበር ነው፤ ከውስጥ ግን ጣፊያ ወይም ጉበት ሊሆን ይችላል። የልጅ ጎድን አጥንት ገና ተጣጣፊ ስለሆነ ውስጡን እንደ ትልቅ ሰው አይከላከልለትም። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጻፉልኝ፤ መሪ ሆዱን የመታው ልጅ የሆድ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ከገረጣ፣ ካስታወከ፣ ሳይመታ ግራ ትከሻውን ካመመው፣ ወይም ሽንቱ ከቀላ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከእነዚህ አንዱም ባይታይ እንኳ በሐኪም ማስመርመር ይሻላል። እኛም አስመረመርነው፤ ደህና ነው ተባለ። ቢሆንም ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጬ ምት እየቆጠርኩ አነጋሁት።

ምራቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ቡና አፍልታ ሰጠችኝና ተመልሳ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ያን አሞርዛተር አስነቀልኩት። ለልጄም ደወልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከፍታ ማማሩን አይቼ ልጁን ረሳሁት» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ፣ ካልሆነ ይቅር፤ ትሸጥ» አለኝ። ድምፁን ስሰማው ሞተሯን ሳይሆን ራሱን ከቤቱ የሚሸጥ መሰለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር፤ በልኩ ካልሆነ እኔው ራሴ እሸጣታለሁ» አልኩት።

መካኒኩ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ክምር ውስጥ ልኩን አገኘ። ምን ምን እንዳየ ልንገራችሁ፣ እናንተም ስትገዙ ይጠቅማችኋል። አንደኛ፣ ርዝመቱ ከዓይን እስከ ዓይን ያው 24 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ስፋት እኩል ነው። ሁለተኛ፣ የሞላው ሽቦ ቀጭን ነው፤ የድሮው 8 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ይኸኛው 7 ነው። «አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች?» አልኩት። የሞላው ስፋትና የዙሮቹ ቁጥር እኩል ከሆነ፣ ሽቦው ከ8 ወደ 7 ሲወርድ ጥንካሬው በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል አለኝ። ሦስተኛ፣ ዘንጉ ላይ ዘይት አያለቅስም። አራተኛ፣ ተጭነውት ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ተጭናችሁ ስትለቁት እንደ ኳስ ፈንጠር ካለ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል፤ ሞላ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያለው ልጁን ከመቀመጫው ያስፈነጥረዋል።

ዋጋው ልጄ ሊልክ ካሰበው አንድ አሥረኛ አይሞላም። የድሮውን ጠንካራ አሞርዛተር አልጣልነውም። በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው፤ ማሙሽ ኪሎ ሲጨምር ይፈለጋል።

የመካኒኩ ረዳት በመሃል «ሞላውን አንድ ዙር ብንቆርጠውስ?» ብሎ ነበር። ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ልጥቀሰው። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል እንጂ አይለሰልስም፤ እንዲያውም ዙሩ ሲቀንስ ይጠነክራል። በእሳት አግሎ ማለስለስም ብረቱን ይገድለዋል፤ አንድ ቀን ድንገት ይሰበራል ወይም ወርዶ ይቀራል።

አዲሱን ገጥመን ክሩን አሰርን። ማሙሽ ሲቀመጥባት የኋላው ሲሶ ያህል ወረደ። ሜዳው ላይ ነዳት። ክሩ እስከ መጨረሻው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጎማዎቹ መሬቱን አይለቁም፤ ልጁም ከመቀመጫው አይነሣም፤ አውራ ጣቱም ባለበት ነው። አሞርዛተር ለምቾት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ሥራው ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ነው፤ መሬት ያልነካ ጎማ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም።

ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ንጠቱ ሲቀር ማሙሽ መፍጠን ጀመረ። ቀድሞ ሕመሙ ይገድበው ነበር፤ ሕመሙን እኔ ወሰድኩለት። ስለዚህ ሌላ ገደብ ማበጀት የእኔ ግዴታ ሆነ። በነዳጅ መስጫው ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ወደ ውስጥ ስትገባ ምላሱ ከተወሰነ ቦታ በላይ አይገፋም። አስገባናት። አሁን የምትሄደው እኔ በሶምሶማ ልደርስባት በምችለው ፍጥነት ነው፤ ያውም በዚህ ጉልበቴ።

ከተረፈው ገንዘብ ልኩ የሆነ፣ አገጭ ድረስ የሚሸፍን ሄልሜት ገዛን። ለጭንቅላቱ የላላ ሄልሜት ባዶ ድስት ነው፤ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ አብሮ የሚነቀነቅ እንጂ ብቻውን የሚዞር መሆን የለበትም። ከዚያ ውጭ የቤታችን ሕግ ይህ ነው። ጓንት፣ ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ሳያደርግ አይነዳም። የማጥፊያው ገመድ ካልተሰካ አትነሣም። ከኋላ ሌላ ልጅ አይጫንም፤ የጎረቤት ልጅ ቢያለቅስም አይጫንም። ኮብልስቶኑ መንገድ ላይ አትወጣም። ትልቅ ሰው ቆሞ ካልተመለከተ ቁልፉ ከእኔ መቀነት አይወጣም። ሄልሜቱን አንድ ቀን አውልቆ ቢገኝ ትሸጣለች፤ ይህን አባቱም ሰምቶ ተስማምቷል።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ማሙሽ መለኪያውን ይዞ ይመጣል። «እማማ፣ ግፊቷን እንለካ።» አባቱ በስልኩ ምስል እያየ ነው። ልጁ ቀስቱን እያሳየው «አባ፣ 200 ላይ መሆን አለበት፤ ግራና ቀኙም እኩል» ይለዋል። አባቱ ከዚያ ሆኖ ይጠይቃል፣ እሱ ከዚህ ሆኖ ያስረዳል። ሞተሯ ከምትነዳበት ጊዜ ይልቅ ስለ እሷ የሚያወሩበት ይበልጣል። ምራቴ አሁንም ሜዳው ዳር አትመጣም። ባለፈው ሳምንት ግን በመስኮት ስታይ አይቻታለሁ። ክረምት ሲገባ ጭቃ ስለሆነ ሞተሯ ትቆማለች፤ ለመስከረም ምን እንደምናደርግ ያኔ ሦስታችን ተቀምጠን እንነጋገራለን። እሷ «ትሸጥ» ካለች በዚያን ጊዜ አልከራከራትም።

እስካሁን ላልገዛችሁ የምላችሁ አጭር ነው፤ አትግዙ። ብስክሌት ይሻላል። የገዛችሁ ወይም ከውጭ የተላከላችሁ ካላችሁ ግን ውድ አሞርዛተር ከማዘዛችሁ በፊት ጎማውን አስተንፍሱ፣ ክንዶቹን ግራሶ ቀቡ፣ ዘንጉ ላይ ክር እሰሩ። ምንም ነገር ስትለውጡ ሞተሯን ከነበረችበት ከፍ አታድርጓት። ልጃችሁን መዝኑት፤ በየስድስት ወሩ እንደገና መዝኑት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።